ሁለት ሆድ

ሀወሊ፣ ነሐሴ፣ ከፋርማሲው ማዶ፣
አስፋልቱ ጫማ ሥር ሲለሰልስ ነዶ፣
ማዳም ከመኪናው አውርዳ አቆመችኝ፤
«እርጉዝ ከሆንሽማ…» ብላ ሳትጨርስ በዓይኗ መዘነችኝ።

መጀመሪያ ሽንት፣ በላስቲክ ኩባያ።
ጽንስ እንደሌለ ታወቀ። ማዳም ተነፈሰች፣
ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደ ገበያ ሄደች።
እኔ ቀረሁ።

«ጠይባ?» አለች ነርሷ ካርዴን እያነበበች፤
እነሱ ዘንድ ስሜ «ደህና ነሽ?» ማለት ነው።
እኔም «አዎ» አልኳት፣ ጎኔን ጨብጬ፤
ልማድ ክፉ ነው።

ዶክተሯ ጠየቀች፦ «ጭንቀት አለብሽ ወይ?
እንቅልፍ ይወስድሻል? ታለቅሻለሽ ወይ?»
ቃሏን የምታሻግረው ዙበይዳ ናት፣ ኮሪደር ወልዋይ፣
መጥረጊያዋን አቁማ በሩ መቃን ላይ።

ምን ልበል?
«ሆድ ባሰኝ» አልኩ።
ዙበይዳ ተረጎመች፦ «ሆዷ ባሰባት» ብላ።
ዶክተሯ ጻፈች፤ ጠየቀች ቀጥላ፦
«ከበላሽ በኋላ ነው? ወይስ ሳትበላ?»
ሳቅ መጣብኝና አመመኝ ስስቅ፤
ሁለት ሆድ እንዳለን ባዕድ በምን ያውቅ?

አንዱ እህል መያዣ፣ አንዱ ነገር መያዣ፣
ባንድ ጣራ ያሉ፣ ግድግዳ የሚጋሩ።
እናቴ ስትመርቀኝ «ቻይው፣ ሆድ ይፍጀው» ነው ምክሩ።
ባባ ሌሊት በሬን ሲነካካ፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ፤
የሦስት ወር ደመወዝ ሲቀር፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ፤
ፓስፖርቴ መሳቢያ ገብቶ ሲቆለፍ፣
ሆድ ይፍጀው።
አሁን አልጋው ላይ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ አሰብኩ፦
ሆዴ ነገሩን ፈጀው?
ወይስ ነገሩ ሆዴን?

ግን ደሞ ሐርቡ አለች። ሰባተኛ ክፍል፣
የሒሳብ ፈተና ቀን፣ ሰሌዳው ሥር ስንከባለል፤
ያኔ ባባ የለ፣ ማዳም የለች፣ ባሕር አልተሻገርኩም፤
«ስታገቢ ይለቅሻል» አሉኝ፤ አገባሁ፣ አለቀቀኝም።
ባሌ «ሰበብ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ፤
ትዳሩ ፈረሰ፣ ሕመሙ ግን ኖረ።

ዶክተሯ ወረቀት ላይ ማሕፀን ሣለች፤
ከውጭ በኩል በብዕሯ ጠብ ጠብ አደረገች።
«የውስጡን ሽፋን የሚመስል ከቤቱ ውጭ ይበቅላል፤
እዚህም፣ እዚህም። በየወሩ ይደማል፤
ደሙ ግን መውጫ በር የለውም።»
ዙበይዳ መሐል ላይ ዝም አለች። ተያየን።
ከቤቱ ውጭ የበቀለ፣ ወር እየጠበቀ የሚደማ፣ መውጫው የተዘጋው፤
ዶክተሯ ስለ ሥጋ፣ እኛ ስለ ሰው።

«ታዲያ ጭንቀቴ ነው የዘራው?» አልኳት።
ብዕሯን ክዳኑ ውስጥ ከተተች።
«አይመስለኝም» አለች። «ቀድሞ የነበረ ነው።
ጭንቀት ያከርረው ይሆናል፣ ክር እንደሚከርር፤
ሕመምም በተራው ሰው ያስጨንቃል።
ማን ማንን እንደወለደ ገና አልተለየም።»

አልተለየም!
ወደድኳት። ተማርኩ ያለ ሰው ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነው።
«ሐሳብሽ ነው» ብላ እንዳታሰናብተኝ ፈርቼ ነበር፣
ጥፋቱን አሸክማ፣ ከጠባሳው በላይ ሌላ ሸክም ስትጨምር።
ቀጠሮ ጻፈችልኝ፤ ቀጠሮው የማዳምን ቀን ይፈልጋል።

ማዳም ስትመለስ «ምን አገኙባት?» አለች፤
«እርጉዝ አይደለችም።»
በቃት። የመኪናውን በር ከፈተች።

ማታ የቪምቶ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣
በሻሽ ጠቅልዬ፣ እምብርቴ ሥር አስጠግቼ፣
ኩሽናው ወለል ላይ፣ ፍሪጁ ሲያጓራ፣
ለእናቴ ድምፅ ቀዳሁ። እንደ ወትሮው «ደህና ነኝ» አልኩ።
አጠፋሁት።
እንደገና ቀዳሁ፦ «እማ፣ ሆዴን ያመኛል።»
ላኩት፤ ጣቴ ሳይመለስ።

መልሷ ቆየ። መጣ። አራት ሰከንድ ነው።
ከኋላዋ የጎረቤት ውሻ ይሰማል፦
«የትኛውን ሆድሽን፣ ልጄ?»